ምላጭ ያልደረሰበት ፀጉር

የሙሀመድኑርን ሱቅ ሱቅ ያሰኘው የራሱ አፍ ነው እንጂ ግድግዳም ጣሪያም አልነበረውም። ከሚሴ ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር አንድ በርጩማ፣ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት፣ ምላጭ የሚሳልበት ቆዳና የውሃ ጣሳ፤ በቃ፣ ንብረቱ ይኸው ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናው እያጓራ ባለፈ ቁጥር የተላጨውም ያልተላጨውም ራስ እኩል አቧራ ይለብሳል። «ከቦርከና እስከ ጨፋ ሮቢት ያለው ራስ በእጄ አልፏል፤ ውስጡ ያለውን ግን አላህ ይወቀው» ይላል ሙሀመድኑር፤ ቀጥሎም የራሱን ራስ ኳ ኳ አድርጎ ይመታና «የዚህን ግን እኔም አውቀዋለሁ፤ ባዶ ነው» ብሎ ደንበኛውን ያስቃል። ጊዜው ሃምሳዎቹ ናቸው፤ ለከሚሴ ሰው ሐኪም ቤት ማለት ደሴ፣ ደሴ ማለት ደግሞ ሌላ አገር የነበረበት ዘመን።

ይህ ሰው ከምላጩ በላይ የሚታወቀው በእብጠቱ ነው። ከግራ ቅንድቡ ጫፍ፣ ወደ ጆሮው በኩል፣ የርግብ እንቁላል የምታክል ጉብታ ነበረችው። አብራው ተወለደች፣ አብራው አደገች፤ አታመው፣ አታሳክከው። እናቱ «አርግዤህ ሳለሁ መንገደኛ ወልይ፣ የአላህ ሰው፣ ውሃ ጠይቆኝ ብሰጠው መረቀኝ፤ ጣቱ ያረፈበት ነው» ብላ አሳደገችው። እሱም አመነ። ከብት ይዞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሁሉ መጀመሪያ ዋርካው ሥር ብቅ ይልና ጉብታዋን ነካ አድርጎ «በረካህ ይድረሰኝ» ይላል። ወሬው ላልደረሰው እንግዳ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበረው፦ ለአንዱ ግመል ረገጠኝ፣ ለሌላው ከጂኒ ጋር ታግዬ። አቤት ሲዋሽ! ግን ሁሉም ያምነዋል፤ ሐሰቱ ጣፋጭ ነበር።

ችግሩ የመጣው ልጁ ዓዲላ በተወለደች በሰባተኛው ቀን ነው። በዐቂቃ ቀን የሕፃን ፀጉር ይላጫል፣ በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል። የከሚሴን ሕፃን ሁሉ የሚላጨው ሙሀመድኑር ስለሆነ የልጁንማ ለማን ይሰጣል? ሰው ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዱዓው ደርቶ፣ ምላጩን ስሎ ጀመረ። በግራ እጁ የልጅቱን ግንባር ደግፎ አውራ ጣቱ ወደ ቅንድቧ ጫፍ ስትንሸራተት አንዲት ምስር የምታክል ነገር ከሥሯ ሸሸች። በራሱ ፊት ላይ በየቀኑ የሚያገኛት፣ በዚያው በግራ በኩል።

ደነገጠ። አፉ ግን ሆዱን ጠብቆ አያውቅምና «ማሻአላህ! ማኅተሙ ወርዷል! ምርቃቱ ልጄ ላይ አርፏል!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሽማግሎቹ እንደገና እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። መጋረጃ ጀርባ የተኛችው ሚስቱ ረቢአ ብቻ እልል አላለችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙሀመድኑር የገዛ አፉ እስረኛ ሆነ።

ዓዲላ ሦስት ዓመት አለፋት። ምስሯ ሽምብራ፣ ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። ልጅቱ አንድ ልማድ ነበራት፦ መኝታ ላይ የአባቷን እብጠት በመዳፏ ጨብጣ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሱም ልጁ እስክትተኛ እንደ ታሰረ በሬ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። «ሌላው ልጁን በእሽሩሩ ያስተኛል፣ እኔ በእባጭ» ብሎ ሲስቅ፣ በልቡ ግን ከዚያች ሰዓት የሚበልጥበት ነገር አልነበረም።

ረቢአ ሰው ሲስቅ የማትስቅ፣ ሰው ዝም ሲል የምታይ ሴት ናት። ልጅቱ ሰው ለማየት አንገቷን ማጋደል መጀመሯን አየች። ጎረቤቱ «እንዴት ታምራለች፣ ስታፍር እኮ ነው» ሲል እሷ ሌላ ነገር ጠረጠረች። አንድ ቀን የልጅቱን ቀኝ ዓይን በሻሽዋ አስራ አንድ እፍኝ ቆሎ ከፊቷ አስቀመጠችላት። ዓዲላ ቆሎውን ለማየት አገጯን ወደ ላይ አንጋጠጠች፣ ከዚያም ታክቷት በእጇ መሬቱን ትዳብስ ጀመር። የግራ ዓይኗ ቆብ እብጠቱ ተጭኖት ዓይኗን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል።

ማታ ሙሀመድኑር ሲገባ ረቢአ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ዓይኗ እየተዘጋ ነው። ሳይጠፋ ደሴ እንውሰዳት።»

«ኧረ በነቢ! የበረካ ማኅተም ሐኪም ቤት ይወሰዳል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ዓይን አይሰጣትም።»

«እንግዲያው እባጭ ከሆነ እኔ አለሁ አይደል? ስንቱን ብጉንጅ አፍርጬ የለም?»

«አንተ ሰውዬ፣ በረካ ነው ወይስ እባጭ? አንዱን ምረጥ።»

ሙሀመድኑር አሰበ አሰበና «በረካ ያለው እባጭ ነው» አለ። ይህን መልስ በኋላ ዘመኑን ሁሉ ሲያስታውሰው ራሱን በጥፊ ይመታ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው፣ ረቢአም ታውቀዋለች። የልጁ እብጠት በሽታ ነው ከተባለ የእሱም በሽታ ነው። ያ ሁሉ የባቲ ነጋዴ በረካ ብሎ የነካው እባጭ ነው ማለት ነው። እብጠቱ ከተወሰደ ደግሞ ከዋርካው ሥር የሚቀረው አንድ አፈኛ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ እንዲህ ያለው በየገበያው ሞልቷል። በዚያ ላይ ፈሪ ነበር። በሰው ራስ ላይ ምላጭ ሲያስጨፍር የሚውለው ሰውዬ እሾህ ሲወጋው ጎረቤት ይጠራል።

«እሺ» አለች ረቢአ በመጨረሻ። «የልጄን ፊት ግን በምላጭ አትነካም። እጅህን እንዲህ ካመንከው በራስህ ጀምር።»

ይህን ያለችው ይተወዋል ብላ ነው። ሞኝ ግን እልህ ሲይዘው ማን ይመልሰዋል? ደግሞም፣ ይህ ይነገርለት፣ በሆዱ ያሰበው ክፉ አልነበረም። የእኔ ቢበላሽ የኔ ነው፤ ከዳንኩ የሷንም አድናለሁ፣ ደሴም መሄድ ይቀራል ብሎ ነው። ብልህ በሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ። ሙሀመድኑር ሁለተኛውን መረጠ።

የመረጠው ቀንም ገበያ ቀን! ያለ ተመልካች መቼ ምን ሠርቶ ያውቃልና። ሰዉ ዋርካውን ከቦ ሲቆም እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አቆመ፣ ምላጩን በእሳት አሳይቶ በአረቄ ምትክ በሎሚ አጠበ። «ዛሬ ደንበኛውም እኔ፣ ቆራጩም እኔ፤ ክርክር የለም» ብሎ ሰውን አሳቀ። ቢስሚላህ አለ። አንድ ነገር ግን ዘንግቷል። ዘመኑን ሁሉ የላጨው የሰው ራስ ነው፤ በመስታወት ውስጥ የራሱ እጅ ወደ ቀኝ ሲሉት ወደ ግራ እንደሚሄድ የገባው ምላጩ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ከጫረው በኋላ ነው። በሦስተኛው አገኘው። ጨከነና ሰነጠቀ።

መግል ይወጣል ብሎ ነበር። የወጣው ግን የቀለጠ ሞራ የመሰለ፣ ነጭ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ቀጥሎ፣ ከዚያ ሞራ ውስጥ፣ የተጠቀለለ ጥቁር ፀጉር።

«አዑዙ ቢላህ!» ብሎ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ሸሸ። የኋላው ረድፍ ለማየት ወደ ፊት ገፋ። ከመካከል አንድ ሽማግሌ «ማል ታቴ፣ ሙሀመድኑር? ምን ሆንክ?» ብለው ጮኹ። ሙሀመድኑር ፀጉሩን በሁለት ጣቱ ስቦ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ እንደ ባለሙያ አገላብጦ አየው። «ፀጉር ነው» አለ። «ወላሂ፣ መልካም ፀጉር ነው።» ከዚያ ከነበርጩማው ወደ ኋላ ተገለበጠ።

በነጋታው ፊቱ ዱባ አክሏል። ግራ ዓይኑ ድርግም ብሎ ተዘግቷል፣ ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ረቢአ «ብዬህ ነበር» አላለችም፤ ብትለው ይሻለው ነበር። ማሽላ ጭኖ ደሴ የሚወጣውን ሾፌር ዩሱፍን ለምና፣ ባሏን እንደ ጆንያ ከማሽላው ላይ አስጫነች፣ ልጅቱን አቅፋ ጋቢና ገባች። ዓዲላ መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበርና ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ስትዘፍን ሄደች። ከላይ አባቷ በየጉድጓዱ «ያ አላህ!» ይላል። «ለበረከት ሲነኩኝ የኖሩ ሁሉ» አለ በልቡ፣ «ባቲ ላይ ምን አተረፉ ይሆን? ባለቤቱ እንኳ ይኸው ማሽላ ሆኖ ተጭኗል።»

ደሴ ሐኪም ቤት ያገኙት ሐኪም ረጅም ፈረንጅ ነው፤ የሚተረጉምለት የባቲ ልጅ የሆነ ዓብዱ የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ልጅቱን ተቀበለ። በጣቱ ጫፍ እብጠቷን ዳሰሰ፤ ቆዳውን ከላይዋ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተ፤ ቆዳው ይሄዳል፣ እብጠቷ ግን አጥንቱን ሙጥኝ ብላለች።

«ስትወለድም ነበር?» አለ ዓብዱ እየተረጎመ።

«ነበር» አለች ረቢአ።

«ያማታል? ስታለቅስ ይነፋል?»

ዓዲላ ለዚህ ጥያቄ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። የፈረንጁን ነጭ ጋውን አይታ እሪ አለች። ሐኪሙ በትዕግሥት ጎንበስ ብሎ እያለቀሰች አያት፤ እብጠቷ አልተነፋችም። ከዚያ ራጅ አስነሣት። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አይቶ «ጥሩ ነው» አለ። አጥንቱ ከሥሯ ትንሽ ጎድጉዷል እንጂ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዓይኗ ጀርባም ሆነ ወደ ራሷ፣ መንገድ የለውም። ረቢአ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ከግድግዳው ተደገፈች። ከከሚሴ ጀምሮ ይዛው የመጣችው ትንፋሽ ያኔ ወጣ።

ከዚያ ሐኪሙ ነገሩን አስረዳ። ልጅ በማኅፀን ሲሠራ፣ የፊት አጥንት በሚገጣጠምበት ቦታ፣ አንዳንዴ ከላይ መቅረት የነበረበት ቁራጭ ቆዳ ወደ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀራል። ያ ቆዳ መታሰሩን አያውቅም፤ የቆዳ ሥራውን ይሠራል፦ ቅባት ያወጣል፣ ፀጉር ያበቅላል። መውጫ ስለሌለው በራሱ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። እባጭ አይደለም፤ አይፈረጥም፣ አይተኮስም። ከረጢቱ ሳይቀደድ ከነቆዳው ተለቅሞ ነው የሚወጣው፤ ከተቀደደ ቅባቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል።

ይህን ብሎ ዞረና ሙሀመድኑርን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይህን ማን ነው ያደረገው?»

ሙሀመድኑር ከታሪኮቹ ሁሉ አንድ ፈለገ፤ ግመሉም ጂኒውም የዚያን ቀን ከዱት። ረቢአ መለሰች፦ «ፀጉር ቆራጭ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ይኸው፣ ተቀምጧል።»

ዓብዱ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪሙ አልሳቀም። «የልጅቱን እንዲህ አድርገኸው ቢሆን» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ዛሬ ስለ ዓይኗ ተስፋ አልሰጥህም ነበር።»  ሙሀመድኑር ምላጩን ልጁ ፊት ላይ ያላሳረፈው በጥበቡ እንዳልሆነ፣ ሚስቱ ስለከለከለችው ብቻ እንደሆነ ገባው። የባሰው ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲላጭ፣ አንዱ ፀጉር እዚያው ቅንድቡ ሥር ተደብቆ ሲስቅበት ኖሯል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ስለ ሴት የተባለ ይመስለኝ ነበር» አለው በኋላ ለዓብዱ። «ለካ ስለ እኔ ነው።»

የእሱ ቁስል እስኪበርድ ፔኒሲሊን ተጀመረለት። በመርፌው ሰዓት የሚያሰማው ጩኸት ሌሎቹን በሽተኞች ከሕመማቸው አሳረፋቸው፤ እየተጠራሩ መጥተው ያዩት ነበር። የዓዲላ ቀዶ ሕክምና ግን ይቅደም ተባለ።

ቀኑ ሲደርስ ልጅቱ አልጋው ላይ ወጣች፤ የሚያስተኛውን መድኃኒት ያዘለ ጭምብል ወደ ፊቷ ሲጠጋ ግን ተነሣች። ጮኸች፣ ተራገጠች፣ ዓብዱን ነከሰች። ረቢአ አባበለቻት፤ አልሆነም። በግድ እንያዛት ቢሉ ሐኪሙ «እንዲህ እያለቀሰች መድኃኒቱ አይሰጣትም፣ ትታፈናለች፤ ሌላ ቀን ይሁን» አለ። ሌላ ቀን ማለት ግን ሌላ ጩኸት ነው። ልጅቱ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የአባን! የአባን ስጡኝ!»

ሌላው አልገባውም፣ ሙሀመድኑርና ረቢአ ተያዩ። ዓዲላ የምትተኛበትን ነገር ነው የምትፈልገው። ያ ነገር ደግሞ አሁን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ቀልቶ፣ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ የሚያስለቅስ ቁስል ሆኗል።

«ፋሻውን ፍቱልኝ» አለ ሙሀመድኑር።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ዓብዱ «አትችለውም፣ ትናንት በመርፌ ጊዜ እኮ እናትህን ስትጠራ ነበር» አለው።

«ፍታልኝ አልኩህ! ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ፋሻውን አሳስተው ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ጣል አደረጉለት። ከልጁ ጎን ተንበርክኮ አንገቱን ደፋ። ዓዲላ እጇን ዘርግታ ዳሰሰች፣ አገኘችው፣ በሙሉ ኃይሏ ጨበጠችው። ሙሀመድኑር ዓለም ዞረበት። ከንፈሩን እስኪደማ ነከሰ፣ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨመቀ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ከደህናው ዓይኑ እንባ ይወርዳል፣ እሱ ግን «አብሽሪ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ተኚ» ይላል። ጭምብሉ ቀረበ። ልጅቱ ተነፈሰች፣ ደግማ ተነፈሰች፤ በተነፈሰች ቁጥር ጭበጣዋ እየጠበቀ ሄደና በመጨረሻ እጇ ወደቀ።

ሙሀመድኑር ተነሥቶ፣ በር ከፍቶ፣ ግቢው መካከል ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ደሴ ሙሉ ሰምቶታል። ሰዎች «ማን ሞተ?» እያሉ ሲሮጡ ረቢአ በረንዳው ላይ ቆማ «ማንም አልሞተም፤ ጀግናው ነው» አለቻቸው። እያለቀሰች ነበር፣ እየሳቀችም ነበር።

የዓዲላ እብጠት ሳይቀደድ፣ ተልጦ እንደተቀመጠ እንቁላል ሙሉውን ወጣ። ሐኪሙ ሳህን ላይ ሰንጥቆ አሳየው፤ ያው ሞራ፣ ያው ፀጉር፣ ገና ቀጭን። ሙሀመድኑር ጎንበስ ብሎ አየውና «አንቺንስ ገና ሳትረዝሚ ያዝንሽ» አለው ለፀጉሩ። የእሱ ቁስል ግን እስኪበርድ ሳምንታት ፈጀ፤ ተራው ሲደርስም ራሱ የቀደደው ከረጢት ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ሐኪሙ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ሲለቅም ዋለ። ከሁሉ የባሰበት ግን ዓብዱ በደነዘዘ ምላጭ ቅንድቡን የላጨው ነው። «ምላጭ እንዲህ አይያዝም!» እያለ ሲያስተምረው ማደንዘዣው ወሰደው።

እሱ ከተኛበት ሲነሣ ዓዲላ ፋሻዋ ተፈትቶ ነበር። መጥታ ከፊቱ ቆመች። አንገቷን አላጋደለችም። ሁለት ዓይኖቿ እኩል ተከፍተው ቀጥ ብላ አየችውና «አባ፣ ቅንድብህን ማን በላው?» አለች። ሙሀመድኑር ባዶ ቅንድቡን ዳሰሰና «የዓብዱ ደነዝ ምላጭ» አላት።

ከሚሴ ሲመለሱ ጉድ ፈላ። ለበረካ እጁን የሰደደ ሁሉ የሚያገኘው ጠባሳ ነው። «በረካው የት ሄደ?» ሲሉት «ደሴ፣ ሳህን ላይ ቀረ» ይላል። የሆነውን እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ከቅንድቤ ሥር ፀጉር በቅሎ ነበር፣ እናንተ የነካችሁት እሱን ነው ይላቸዋል። ጂኒውንና ግመሉን ያመነው ሰው ይህን ግን አላመነም። «አይ ሙሀመድኑር፣ ውሸትህ ዛሬ ቀለለ» ብለው ይስቃሉ። እሱ ግን ዐቂቃ በተጠራ ቁጥር ምላጩን ከማንሣቱ በፊት የሕፃኑን ቅንድብ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ጥቂት የጠረጠረ እንደሆነ በዚያው በድሮው ድምፁ፣ ሽማግሎቹ ዱዓቸውን አቋርጠው እስኪደነግጡ፣ «ደሴ!» ብሎ ይጮኻል። እልል የሚል የለም፤ ግን ይሄዳሉ።

ከደሴ የተመለሱበት ምሽት ዓዲላ እንደ ልማዷ ከጎኑ ተኛች። እጇ ወደ ቅንድቡ ወጣ፣ ዳሰሰ፣ ጠባሳውን አገኘ፣ አለፈ፣ ተመለሰ። የለም። ልጅቱ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሙሀመድኑር ከሐኪሙ ቢላዋ ይልቅ ይህን ፈርቶ ነበር፣ ምን ይዛ ትተኛለች እያለ። ዓዲላ በሁለቱም ዓይኖቿ ፊቱን እዚህም እዚያም መረመረች፣ እንደ በግ ገዢ። ከዚያ ተመልሳ ተጋደመችና ጆሮውን ጨበጠች። ያንን ምላጭ የጫረውን ጆሮ።

ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

«ነገ ደግሞ ጆሮዬ በረካ አለው በልና ዋርካው ሥር አውጅ» አለች ረቢአ ከወዲያ።

«የለም» አለ ሙሀመድኑር፣ አንገቱን እንደደፋ። «ይህንንስ ለማንም አልናገርም።»

አልተናገረምም። እኛም የሰማነው ከረቢአ ነው።